የብር ማንኪያ በሚዛን ይሸጥ ወይስ በማህተሙ?

በአማርኛ ማዕድኑም ገንዘቡም ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱንም ‹‹ብር›› እንላቸዋለን። ይህ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በአገራችን ገበያ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው የማሪያ ቴሬዛ ታላሪ 28 ግራም ያህል የሚመዝን፣ 83.3 በመቶው ንጹህ ብር የሆነ ሳንቲም ነበር። ገበያ ሲወጣ ገንዘብ ነው፤ አንጥረኛ ቤት ሲገባ ደግሞ ቀልጦ መስቀል፣ አምባር ወይም የአንገት ጌጥ ይሆናል። ችግር በመጣ ጊዜ ጌጡ ተመልሶ ሚዛን ላይ ይወጣል።

በአውሮፓም ነገሩ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ባላባቱና ነጋዴው ብሩን ያስቀምጥ የነበረው በገበታው ላይ ነው። ማንኪያው፣ ሹካው፣ በራዱ፣ ትሪውና የጨው ዕቃው ባንክ ባልተስፋፋበት ዘመን የቤተሰብ ጥሪት ነበሩ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1689 ለጦርነት ገንዘብ ሲያጥራቸው የቬርሳይ ቤተ መንግሥታቸውን የብር ዕቃዎች አስቀልጠው ሳንቲም አስመትተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በእንግሊዝም በ1640ዎቹ በተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ብዙ የብር ዕቃ ለወታደር ደመወዝ ቀልጧል። ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራ የእንግሊዝ የብር ዕቃ ዛሬ ብርቅ ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም። አሮጌ የብር ማንኪያ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ማንኛውም ብር አቅላጭ በሚዛን የሚከፍለው ዋጋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዕቃው ማን፣ የትና መቼ እንደሠራው በሚያውቅ ገዢ ዘንድ የሚያወጣው ነው። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ሁለተኛው የአንደኛውን ብዙ እጥፍ ይሆናል። ልዩነቱን የሚነግረው ከማንኪያው እጀታ ጀርባ የተመታው ጥቃቅን ማህተም ነው። ማህተሙን ሳያነብ የሚሸጥ ባለቤት ውርሱን በስብርባሪ ዋጋ ሊሰጥ ይችላል። ሳያነብ የሚገዛ ደግሞ ብር መስሎት ኒኬል ይዞ ቤቱ ሊገባ ይችላል።

ስተርሊንግ ምንድን ነው?

ንጹህ ብር ለስላሳ ማዕድን ነው። ብቻውን ሹካ ቢሠራ ጥርሱ ይጣመማል። ስለዚህ አንጥረኞች መዳብ ይቀላቅሉበታል። ከ1,000 እጅ 925 እጁ ብር፣ ቀሪው 75 እጅ አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ሲሆን ቅይጡ ‹‹ስተርሊንግ›› ይባላል። የእንግሊዝ ገንዘብ ‹‹ፓውንድ ስተርሊንግ›› መባሉም ከዚሁ ከብሩ ጋር የተያያዘ ነው፤ የአገሪቱ የብር ሳንቲሞችም እስከ 1920 ድረስ በዚህ ደረጃ ይሠሩ ነበር።

ሳንቲሙና ማንኪያው በአንድ ደረጃ ከመሠራታቸው የተነሳ የእንግሊዝ አንጥረኞች ሳንቲም ሸርፈውና አቅልጠው የገበታ ዕቃ መሥራት ለመዱ። መንግሥት ይህን ለማስቆም ከ1697 እስከ 1720 ድረስ የገበታ ዕቃ ከሳንቲሙ ከፍ ባለ፣ 95.84 በመቶ ብር በያዘ ‹‹ብሪታኒያ›› የተባለ ደረጃ ብቻ እንዲሠራ አዘዘ። የእኛን የታላሪና የመስቀል ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

የእንግሊዝ ማህተም እንዴት ይነበባል?

ለጀማሪ ገዢ ከሁሉ የሚቀለው የእንግሊዝ ብር ነው፤ የትውልድ ምስክር ወረቀቱን በጀርባው ይዞ ይዞራልና። በ1300 የወጣ ሕግ የብር ዕቃ ሳይመረመር እንዳይሸጥ ደነገገ። የምርመራው ምልክትም የነብር ራስ ሆነ። ከ1478 ጀምሮ የለንደን አንጥረኞች ዕቃቸውን ወደ ማኅበራቸው አዳራሽ እያመጡ ያስመቱ ስለነበር ምልክቱ በእንግሊዝኛ ‹‹ሆልማርክ›› የሚባለው ከዚሁ ‹‹አዳራሽ›› ከሚለው ቃል ነው።

በአንድ የእንግሊዝ ማንኪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተሉት ይገኛሉ።

የመጀመሪያው አንድ እግሩን አንስቶ የሚራመድ አንበሳ ነው። ከ1544 ጀምሮ የሚመታ ሲሆን ዕቃው ስተርሊንግ መሆኑን ይመሰክራል።

ሁለተኛው የከተማው ምልክት ነው። የነብር ራስ ለንደን፣ መልሕቅ በርሚንግሃም፣ ግንብ ኤድንብራ ነው። ሸፊልድ እስከ 1974 ድረስ ዘውድ፣ ከዚያ ወዲህ ጽጌረዳ ይጠቀማል። በርሚንግሃምና ሸፊልድ የራሳቸውን መፈተሻ ቤት ያገኙት በ1773 ነው። ወኪሎቻቸው ለንደን ላይ ጉዳያቸውን ሲከታተሉ ይሰበሰቡበት የነበረው መሸታ ቤት ‹‹ዘውድና መልሕቅ›› ይባል ስለነበር ምልክቶቹን ከዚያ ወሰዱ እየተባለ ይተረካል።

ሦስተኛው የዓመቱ ፊደል ነው። ለንደን እስከ 1974 ድረስ 20 ፊደላትን በተራ ትጠቀም ነበር፤ ተራው ሲያልቅ የፊደሉ ቅርጽና ዙሪያውን የከበበው ጋሻ ይለወጥ ነበር። ስለዚህ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ጋሻውንም ማየት ያስፈልጋል። የፊደላቱ ሰንጠረዥ የታተመባቸው የኪስ መጻሕፍት አሉ፤ የብር ነጋዴ ያለ እነርሱ ገበያ አይወጣም።

አራተኛው የሠሪው ስም የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው። አምስተኛው የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ሲሆን፣ ግብር መከፈሉን የሚያሳይ ነው። ከ1784 እስከ 1890 ድረስ ብቻ ስለተመታ፣ የዓመቱን ፊደል ማንበብ ያቃተው ገዢም እንኳ ዕቃው በዚያ ዘመን ውስጥ መሠራቱን ወዲያው ያውቃል።

በሕጉ ላይ የተደረጉ ለውጦችም መታወቅ አለባቸው። ከ1999 ጀምሮ አንበሳውና የዓመቱ ፊደል በእንግሊዝ በውዴታ የሚመቱ ሆነዋል፤ የጥራቱ ደረጃ በቁጥር ‹‹925›› ተብሎ ይመታል። ስለዚህ አንበሳ የሌለው አዲስ ዕቃ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም።

ማህተም ማጭበርበር ግን ጥንትም ዛሬም አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድርጊቱ እስከ ሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። አንዱ የማጭበርበሪያ ዘዴ ከትንሽ አሮጌ ዕቃ ላይ ማህተሙን ቆርጦ በትልቅ አዲስ ዕቃ ላይ መበየድ ነው። ጥርጣሬ ያለበትን ማህተም የሚመረምር የባለሙያዎች ኮሚቴ በለንደን መፈተሻ ቤት ሥር ይገኛል።

አሜሪካና ሌሎች አገሮች

አሜሪካ እንደ እንግሊዝ ያለ አገር አቀፍ የመፈተሻ ሥርዓት ኖሯት አያውቅም። የቀድሞዎቹ አንጥረኞች ስማቸውን ብቻ ይመቱ ነበር። ከእነርሱ ስመ ጥር የሆነው የቦስተኑ ፖል ሪቪር ሲሆን፣ በ1768 የሠራው የብር ጎድጓዳ ሳህን ዛሬ በቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። ቲፋኒ የተባለው የኒውዮርክ ቤት በ1851 የስተርሊንግን ደረጃ ተቀበለ፤ ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተከተሉት። በ1906 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ‹‹ስተርሊንግ›› የሚል ጽሑፍ ያለው ዕቃ ደረጃውን እንዲጠብቅ አስገደደ። ስለዚህ በአሜሪካ ዕቃ ላይ የሚፈለገው ‹‹ስተርሊንግ›› የሚለው ሙሉ ቃል ወይም ‹‹925›› የሚለው ቁጥር ነው።

አሜሪካኖች በብዛት ያመረቱት በተለያየ ንድፍ የወጣ ሙሉ የገበታ ስብስብ ነው። ጎርሃም የተባለው የሮድ አይላንድ ፋብሪካ በ1895 ያወጣው ‹‹ሻንቲዪ››፣ ሪድ ኤንድ ባርተን በ1907 ያወጣው ‹‹ፍራንሲስ ቀዳማዊ››፣ ዋላስ በ1941 ያወጣው ‹‹ግራንድ ባሮክ›› በየቤቱ የገቡ ናቸው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሙሽራ ንድፏን ትመርጣለች፤ ዘመድ ወዳጅ አንድ አንድ ሹካና ማንኪያ እየገዛ ያሟላላታል። የማይዝግ ብረት ሲስፋፋና የኑሮው ዘይቤ ሲለወጥ ልማዱ ቀዘቀዘ። ሪድ ኤንድ ባርተን ራሱ በ2015 መክሰሩን አስታውቋል። የዚያ ዘመን ሙሽሮች ዕቃ ግን ዛሬ በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው እጅ ወደ ገበያ እየወጣ ነው።

በአውሮፓ አህጉር ደረጃው ከአገር አገር ይለያል። በፈረንሳይ ከ1838 ጀምሮ የሚመታው የሚኔርቫ ራስ በአንደኛው ደረጃ 95 በመቶ ብርን ያመለክታል። በጀርመን ከ1888 ጀምሮ የጨረቃና የዘውድ ምልክት ከ‹‹800›› ቁጥር ጋር በብዛት ይታያል፤ 80 በመቶ ማለት ነው። በድሮው የሩሲያ ዕቃ ላይ የሚገኘው ‹‹84›› ደግሞ መቶኛ አይደለም፤ ከ96 እጅ 84ቱ ብር ነው ለማለት ስለሆነ 87.5 በመቶ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ብር ናቸው፤ ስተርሊንግ ግን አይደሉም። ሒሳብ ሲሠራ ልዩነቱ ይታሰብ።

የብር ቅብ እንዳያሳስት

ገዢ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ1740ዎቹ መጀመሪያ ቶማስ ቦልሶቨር የተባለ የሸፊልድ ሰው የብር ስስ ሽፋንን ከመዳብ ጋር በሙቀት ማጣበቅ እንደሚቻል አገኘ። በ1840 ደግሞ ኤልኪንግተን የተባለው የበርሚንግሃም ቤት በኤሌክትሪክ ኃይል ብር የመለበጥን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ የብር መልክ ያለው ዕቃ በርካሽ ሞላ።

‹‹ኢ. ፒ. ኤን. ኤስ.›› የሚሉ አራት የእንግሊዝኛ ፊደላት ያሉት ዕቃ በኒኬል ቅይጥ ላይ የተለበጠ የብር ቅብ ነው። ‹‹ኒኬል ሲልቨር››፣ ‹‹ጀርመን ሲልቨር›› እና ‹‹አልፓካ›› የሚባሉት ደግሞ ስማቸው ብር ይምሰል እንጂ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ በመሆናቸው ቅንጣት ብር የለባቸውም። ‹‹ሸፊልድ›› የሚል ጽሑፍም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ከተማዋ የብረት ቢላዋም የብር ቅብም ስተርሊንግም ታመርት ነበርና። አንዳንድ ፋብሪካዎች በቅቡ ላይ ፊደላቱን በየጋሻው ከፋፍለው ስለሚመቱ ከሩቅ ሲታይ የእንግሊዝ ማህተም ይመስላል። አጉሊ መነጽር ይዞ መሄድ ይበጃል።

ማግኔት ይረዳል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ብር በማግኔት አይሳብም። ነገር ግን መዳብም፣ ነሐስም፣ የኒኬል ሲልቨር ቅይጥም አይሳቡም። ስለዚህ ማግኔት ብረትን ከመለየት ያለፈ አገልግሎት የለውም። ከዚያ ይልቅ የማንኪያውን ጀርባና የሹካውን ጥርስ ጫፍ መመልከት ነው። ቅብ ከሆነ ጠረጴዛ በሚነካበት ቦታ ተፍቆ ቢጫ ወይም ቀይ ማዕድን ብቅ ይላል። ስተርሊንግ ግን ምንም ያህል ቢያልቅ ውስጡም ውጪውም አንድ ነው።

የብር ቅብ መጥፎ ዕቃ ነው ማለት አይደለም። ለገበታ ያምራል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ሆኖም ላዩ ላይ ያለው ብር እጅግ ስስ በመሆኑ አቅላጭ ዘንድ የሚያወጣው ገንዘብ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በስተርሊንግ ዋጋ የገዛው ሰው ገንዘቡን አያገኘውም።

ሚዛንም ያሳስታል

ስተርሊንግ ነው ተብሎ የተረጋገጠ ዕቃም ሁሉ በክብደቱ አይታሰብም። የገበታ ቢላዋ ስለቱ ብረት ነው፤ እጀታውም አብዛኛውን ጊዜ ከስስ የብር ሉህ ተሠርቶ ውስጡ በሙጫ ወይም በሲሚንቶ መሰል ነገር የተሞላ ነው። የሻማ መቅረዝም እንዳይወድቅ እግሩ ውስጥ ከባድ ነገር ይሞላበታል። ‹‹ዌይትድ›› ወይም ‹‹ሎድድ›› የሚል ጽሑፍ ካለበት ከክብደቱ ብር የሆነው ጥቂቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጭ ‹‹ሙሉ ስብስቡ ይህን ያህል ኪሎ ይመዝናል›› ሲል ቢላዋዎቹና መቅረዞቹ ከሚዛኑ መውረዳቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የቀረው ሒሳብ ቀላል ነው። የዓለም ገበያ ብርን የሚተምነው በትሮይ አውንስ ሲሆን አንዱ አውንስ 31.1 ግራም ነው። የዕቃው ክብደት በግራም ተወስዶ በ0.925 ይባዛል፤ ለ31.1 ይካፈላል፤ የተገኘው በዕለቱ ዋጋ ይባዛል። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 60 ግራም የሆኑ 12 ሹካዎችና 12 ማንኪያዎች 1,440 ግራም ይመዝናሉ። ንጹህ ብሩ 1,332 ግራም ወይም 42.8 አውንስ ያህል ነው። አውንሱ 30 ዶላር ቢሆን 1,285 ዶላር፣ 50 ዶላር ቢሆን 2,140 ዶላር ያህል ማለት ነው። አቅላጩ የማንጠሪያ ወጪውንና ትርፉን ስለሚቀንስ ለሻጩ የሚደርሰው ከዚህ ያንሳል።

ዋጋው ሲወጣ ምን ይሆናል?

በ1979 መጀመሪያ አንድ አውንስ ብር 6 ዶላር ያህል ነበር። የቴክሳስ ነዳጅ ከበርቴዎች የነበሩት ወንድማማቾች ነልሰን በንከር ሃንትና ዊልያም ኸርበርት ሃንት ብርን በገፍ ሲሰበስቡ ዋጋው በጥር 1980 ወደ 50 ዶላር ተጠጋ። በዚያን ሰሞን አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ ሰዎች የአያቶቻቸውን በራድና ማንኪያ ይዘው በየገዢው ደጅ ተሰለፉ፤ ብዛቱ የትየለሌ የሆነ የገበታ ዕቃ ቀለጠ። መጋቢት 27 ቀን 1980፣ ‹‹የብር ሐሙስ›› በሚባለው ዕለት፣ ዋጋው ከ11 ዶላር በታች ወረደ። ገንዘቡ መጣ ሄደ፤ የቀለጠው በራድ ግን አልተመለሰም።

በሚያዝያ 2011 ዋጋው እንደገና ወደ 49 ዶላር ደርሶ ተመለሰ። በጥቅምት 2025 ደግሞ የ1980ውን ጣሪያ ጥሶ አለፈ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ የሚዛኑ ዋጋ የብዙውን ተራ ዕቃ የገበታ ዋጋ ይደርስበታል፤ አንዳንዴም ይበልጠዋል። ባለቤቱ ‹‹ማቅለጥ ይሻለኛል›› ቢል በሒሳብ አልተሳሳተም ይሆናል። ስህተቱ የሚመጣው ተራውንና ልዩውን ሳይለይ በአንድ ከረጢት ጠቅልሎ የወሰደ እንደሆነ ነው።

ከሚዛን በላይ የሚያወጡት

የትኞቹ ናቸው ልዩዎቹ? በመጀመሪያ የሠሪው ስም ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የለንደኑ ፖል ደ ላመሪ፣ ቀጥሎም ፖል ስቶር የሠሯቸው ዕቃዎች ከክብደታቸው ጋር በማይነጻጸር ዋጋ በጨረታ ይሸጣሉ። ባሏ ከሞተ በኋላ በ1761 የራሷን ማህተም አስመዝግባ የቤተሰቡን አውደ ጥናት ያስፋፋችው ሄስተር ቤትማንም ሰብሳቢዎች ከሚፈልጓቸው አንዷ ናት። ከዘመናዊዎቹ በ1904 ኮፐንሃገን ውስጥ ሥራ የጀመረው የዴንማርኩ ጌኦርግ የንሰን ስም ያለበት ሹካ በሚዛን ቢሸጥ ባለቤቱ ከፍተኛ ኪሳራ ላይ ይወድቃል።

ሁለተኛው ዕድሜና ብርቅነት ነው። ሦስተኛው የስብስቡ ሙሉነት ነው፤ 12 ሰው የሚያስተናግድ አንድ ዓይነት ስብስብ ከተበታተኑ ዕቃዎች ድምር ይበልጣል። አራተኛው ይዞታው ነው። የማንኪያው ጫፍ በአንድ ወገን ተበልቶ እንደሆነ፣ የሹካው ጥርሶች አጥረው እንደሆነ፣ በራዱ በእርሳስ ተበይዶ እንደሆነ ይታያል። በብዙ መወልወል ማህተሙ የጠፋ ዕቃ ዋናውን ምስክሩን አጥቷል።

የቀድሞ ባለቤት ስም ፊደላት የተቀረጹበት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ረከስ ይላል። ይህን አይተው አንዳንድ ሻጮች ፊደሉን ያስፍቃሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ የተፋቀው ቦታ ስለሚሳሳ ዕቃው ይብስ ዋጋውን ያጣል። ገዢ ይህን ለማወቅ ከፈለገ በቦታው ላይ እፍ ይበልበት፤ የቀድሞው ጽሑፍ ጥላ አንዳንዴ ብቅ ይላል። ለመጠቀም ለሚገዛ ሰው ግን የሌላ ሰው ፊደል ያለበት ማንኪያ ጥሩ ዕድል ነው፤ በቅናሽ ያገኘዋል፣ አበላሉ ላይ የሚያጎድልበት የለም።

የት ይገዛል?

በለንደን ቻንሰሪ ሌን ከመሬት በታች የሚገኘው ‹‹ሲልቨር ቮልትስ›› በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ካዝና ማከራያ ተከፍቶ በኋላ የብር ነጋዴዎች መንደር የሆነ ነው። ወፍራም የካዝና በር ያላቸው ሱቆቹ ከተራ ማንኪያ እስከ ትልልቅ የግብዣ ዕቃ ይሸጣሉ። የፖርቶቤሎ መንገድ የቅዳሜ ገበያም የታወቀ ነው፤ እዚያ ግን ማህተም ማንበብ የሚችል ሰው ይሂድ።

በአሜሪካ ባለቤቱ ሲሞት ወይም ቤት ሲለቅ ዕቃው እዚያው ቤት ውስጥ የሚሸጥበት ‹‹እስቴት ሴል›› የተለመደ ነው። በዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያልፉበት ሰፈር ሁሉ ቅዳሜና እሁድ ማስታወቂያው ተለጥፎ ይታያል። ከስብስቡ አንድ ሹካ የጠፋበት ሰው ደግሞ በ1981 የተቋቋመው የሰሜን ካሮላይናው ‹‹ሪፕሌስመንትስ›› ድርጅት የቆሙ ንድፎችን ጭምር አንድ አንድ እያደረገ ይሸጣል።

የዝሆን ጥርስ እጀታ ወይም ማስገቢያ ያለበት በራድና ቢላዋ ሲገኝ ቆም ማለት ይገባል። በእንግሊዝ የ2018ቱ የዝሆን ጥርስ ሕግ ከሰኔ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ስለዋለ፣ የተፈቀዱት ጥቂት ዓይነቶችም ሳይመዘገቡ አይሸጡም። በሌሎች አገሮችም ድንበር ማሻገር ዕቃውን ሊያስወርስ ይችላል።

ቁም ሣጥን ውስጥ ወይስ ገበታ ላይ?

ብዙ ቤተሰብ የብር ዕቃውን ‹‹ለክብር እንግዳ›› ብሎ ይቆልፍበታል። እንግዳው በዓመት አንዴ ሲመጣ ዕቃው ጠቁሮ ይገኛል። ብር የሚጠቁረው አየር ውስጥ ካለው የድኝ ውሁድ ጋር ሲገናኝ ነው። በየቀኑ የሚታጠብና የሚደረቅ ማንኪያ ለመጥቆር ጊዜ አያገኝም። የተቆለፈበት ግን ይጠቁራል፤ ከዚያ በመድኃኒት ይወለወላል፤ በተወለወለ ቁጥር ከላዩ ጥቂት ብር ይነሳል፤ ማህተሙም ይደበዝዛል። ስለዚህ ዕቃውን የሚጠብቀው ቁልፉ ሳይሆን አጠቃቀሙ ነው።

ጥንቃቄው ብዙ አይደለም። እንቁላል ብርን ወዲያው ያጠቁራል፤ የዶሮ ወጡን እንቁላል በብር ማንኪያ ያወጣ ሰው ማንኪያውን ሳያሳድር ይጠበው። ጨው ከእርጥበት ጋር ሲሆን ብርን ይበሳሳል፤ የድሮ የብር ጨው ዕቃዎች ውስጣቸው ወርቅ የተቀባው ለዚህ ነው። ሎሚና ኮምጣጤም ላዩ ላይ አይሰንብቱ። ለብ ያለ ውኃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ ወዲያው በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ በቂ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይግባ፤ በተለይ ከማይዝግ ብረት ጋር ተነካክቶ ሲታጠብ ይበላሻል፣ የቢላዋውም እጀታ ውስጥ ያለው ሙጫ በሙቀቱ ይላቀቃል። በላስቲክ ማሰርና በጋዜጣ መጠቅለልም አይመከርም፤ ሁለቱም ያጠቁሩታል።

የጠቆረውን በአሉሚኒየም ፎይል፣ በፈላ ውኃና በቤኪንግ ሶዳ ማንጻት ይቻላል፤ ድኙ ከብሩ ለቆ ወደ አሉሚኒየሙ ይሄዳል። ሆኖም ዘዴው በቅርጹ ስርጉድ ውስጥ ያለውን የሚያምር ጥቁረትም ስለሚያጠፋ፣ ለቅርጽ የበዛበት ዕቃና ለቢላዋ እጀታ አይሆንም።

ሁሉንም ማንኪያዎች በየተራ መጠቀም ደግሞ እኩል እንዲያረጁ ያደርጋል። ለጀማሪ ስድስት የሻይ ማንኪያና አንድ የስኳር ዕቃ ይበቃል። ከሚዛን ዋጋው ብዙም ሳይርቅ የተገዛ ተራ ስተርሊንግ እየተገለገሉበት ከብሩ ዋጋ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የብረት ማንኪያ ግን ከሱቅ በወጣ ቀን ዋጋውን ጨርሷል።

በእጁ ያለውን ሊሸጥ ያሰበ ሰውም ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ። መጀመሪያ ዕቃውን ይገልብጥ፤ በአጉሊ መነጽር ማህተሙን ያንብብ፤ ስም ያለውን፣ ያረጀውንና ሙሉውን ስብስብ ለይቶ ለጨረታ ወይም ለአዋቂ ነጋዴ ያሳይ። የተሰበረውን፣ የተበላውንና ነጠላውን ብቻ ወደ ሚዛን ይውሰድ። ከሚዛን የተመለሰ ዕቃ ነገም ይመዘናል፤ ከእሳት የወጣ ግን ብር እንጂ ማንኪያ አይሆንም።